እግሩን ብቻ አናሰልጥን

ጆርጅ ቤስት እ.ኤ.አ. በ1968 ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሳ 22 ዓመት ከሞላው ገና ሳምንቱ ነበር። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኮከብ ተባለ። በ1974 ግን በ27 ዓመቱ ከክለቡ ወጣ፤ መጠጡና ጭፈራው አሸነፉት። በ2005 በ59 ዓመቱ አረፈ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እኛስ ሐረር ላይ ጎል ያገባ ልጅ ስናይ ምን እናደርጋለን? ወይ በርጫ እንጠራዋለን፣ ወይ ቢራ እንጋብዘዋለን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲን ከተወሰነ መጠን ካለፈ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። ሲያመሽ ያደረ ልጅም ጠዋት ልምምድ ላይ እግሩ አይታዘዝለትም።

«ጥፋቱ የራሱ ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን አንድ የ18 ዓመት ልጅ ሰፈር ሙሉ ጋባዥን ብቻውን እምቢ ይበል? ክለቦች ከአሰልጣኙ ጎን መካሪ ይመድቡለት። እኛ ደጋፊዎች ደግሞ ከወደድነው ምሳ እንጋብዘውና በጊዜ ወደ ቤቱ እንሸኘው።