ዕድገቱ ያዘገመ ድርጅት አክሲዮን ይገዛልን?



የሰው ልጅ የድካሙን ዋጋ አጠራቅሞ የሚያስቀምጥበት ስፍራ እንደየዘመኑ ይለያያል። አያቶቻችን ከብት በማርባትና እህል በጎተራ በማከማቸት ለክፉ ቀን ይዘጋጁ ነበር። ወላጆቻችን ይህን ሳይተዉ ዕቁብ ይጥላሉ፤ በባንክም ይቆጥባሉ። በእኛ ዘመን ደግሞ አክሲዮን የሚባለው ነገር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወሬው እስከ ፎገራ ሜዳና እስከ ጣራ ገዳም ግርጌ ደርሷል። ወሬ ከደረሰ ገንዘብ መከተሉ አይቀርም፤ ገንዘብ ከመከተሉ በፊት ግን ዕውቀት መቅደም አለበት። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የተባለውም ለዚሁ ነው።

እንደሚታወሰው ኢትዮ ቴሌኮም ከጠቅላላ አክሲዮኑ ከመቶ ዐሥሩን ለኢትዮጵያውያን ለመሸጥ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ሽያጩን ከፈተ። የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ሲሆን የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ማንም ሰው ከ33 አክሲዮን ያነሰ፥ ከ3,333 አክሲዮንም የበለጠ እንዳይገዛ ስለ ተወሰነ፥ የትንሹ ገዢ ድርሻ 9,900 ብር ሆነ። ሽያጩ በቴሌብር ይካሄድ ስለ ነበር በወረታም ሆነ በአዲስ ዘመን የተቀመጠ ሰው አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም። ሽያጩ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ ግን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን፥ የገዢዎቹ ቍጥር 47,377፥ የተሰበሰበውም ገንዘብ 3.2 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር። ለገበያ ከቀረበው ከዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ሳይሸጥ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ነገር በእኛም ቤት ክርክር አስነሥቷል። ከሩዝ ሽያጭ የተረፈ ዐሥር ሺህ ብር ያህል ተቀምጧል። አጎቴ «ቀሪው አክሲዮን ዳግመኛ ለሽያጭ ቢቀርብ እንግዛ» ይላል። እናቴ «የማላየውን ነገር አልገዛም፤ በግ ይገዛበት» ትላለች። አባቴ ሁለቱንም አዳምጦ ሲያበቃ «አንተስ የተማርኸው ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ስላልመሰለኝ መልሱን በመጽሔታችን ላይ ላቀርበው ወደድሁ።

በመጀመሪያ፥ አክሲዮን ማለት ከአንድ ድርጅት ላይ ቍራሽ ድርሻ ማለት ነው። ድርጅቱ ሲያተርፍ ባለ ድርሻው እንደ ድርሻው ይካፈላል፤ ሲከስርም አብሮ ይጎዳል። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ ዛሬ የስልክ ድርጅት ብቻ አይደለም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ ያዘዋውራል፤ ኢንተርኔት ይሸጣል፤ ቴሌክላውድ የሚባል አገልግሎትም አለው። ክላውድ የሚለው ቃል በአማርኛ «ደመና» ማለት ቢሆንም ነገሩ ከሰማይ ጋር የሚያገናኘው የለም። አንድ ገበሬ የራሱን ጎተራ ለመሥራት ዐቅም ሲያጣ እህሉን በሰፊና በተጠበቀ መጋዘን በኪራይ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፥ አንድ መሥሪያ ቤትም መዝገቡንና ሒሳቡን በራሱ ኮምፒዩተር ከማስቀመጥ ይልቅ በትልቅ የኮምፒዩተር ማእከል በኪራይ ያስቀምጣል፤ እዚያው ሆኖም ይሠራበታል። ስለዚህ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እያሉ የደመናን አክሲዮን የሚያፌዙበት ሰዎች በስሙ እንዳይሳሳቱ እለምናለሁ። ላሚቱ የቆመችው በምድር ነው። ጥያቄው ወተቷ ስንት ነው፥ ዋጋዋስ ስንት ነው የሚለው ነው።

ሁለተኛ፥ የድርጅቱ ዕድገት አዝግሟል የሚባለው እውነት ነውን? ራሱ በየዓመቱ ባወጣው መግለጫ መሠረት የደንበኞቹ ብዛት በ2015 ዓ.ም. በጀት ዓመት መጨረሻ 72 ሚሊዮን ያህል፥ በ2016 ዓ.ም. 78.3 ሚሊዮን፥ በ2017 ዓ.ም. 83.2 ሚሊዮን ሆኗል። ቍጥሩ አሁንም ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን ከመቶ 9 ገደማ ወደ ከመቶ 6 ገደማ ዝቅ ብሏል። የሚያስደንቅም አይደለም፤ ስልክ የያዘ ሰው ሁለተኛ ጊዜ አዲስ ደንበኛ አይሆንምና። በሌላ በኩል ገቢው በ2016 ዓ.ም. ከነበረበት 93.7 ቢሊዮን ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 162 ቢሊዮን ብር ከፍ ብሏል። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የአገልግሎት ታሪፍም ተስተካክሏል። እንግዲህ አስተዋይ ሰው «ገቢው አደገ» ሲባል ሰምቶ ዝም አይልም። ያደገው ሰዎች አገልግሎቱን አብዝተው ስለ ተጠቀሙ ነው ወይስ ያው አገልግሎት ስለ ተወደደ? ብሎ ይጠይቃል።

አንዳንድ ሰዎች «ዕድገቱ ከቀዘቀዘ ድርጅት መራቅ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የፎገራ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ የሩዝን ታሪክ ማስታወስ ይበቃዋል። ሩዝ ወደ ሜዳችን የመጣው በደርግ ዘመን ሲሆን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በነበሩበት ጊዜ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። ለብዙ ዘመን በሰፊው የተዘራው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ አይመችም ነበር፤ ለሩዝ ግን ተስማማ። ስለዚህ ሩዝ ከማሳ ወደ ማሳ ተስፋፋ። ዳሩ ግን መሬት ወሰን አለው። ውሃ የሚተኛበት ማሳ ሁሉ ከተያዘ በኋላ መስፋፋቱ መቀዝቀዙ የግድ ነው።

ታዲያ ሩዝ ከሰረ ማለት ነውን? አይደለም። ከዚያ ወዲህ ጥቅሙ የሚመጣው ከአዲስ መሬት ሳይሆን ከያዙት መሬት ነው። የተሻለ ዘር ይመረጣል፤ ለዚህም በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል ተቋቁሟል። ገለባው ለፎገራ ከብት ይሆናል። ሩዙ በመፈልፈያ በደንብ ከጠራ ዋጋው ይሻላል። ከሩዙም በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ሩዝ ብቻ ዘርቶ የሚተወው ገበሬና ጓያውን የሚያስከትለው ገበሬ መሬታቸው እኩል ቢሆንም ጎተራቸው እኩል አይደለም።

ስለ ድርጅትም ሐሳቤ ይኸው ነው። የደንበኞቹ ቍጥር መጨመሩ ሲያዘግም ልንጠይቀው የሚገባን «ሁለተኛ አዝመራ አለውን?» ብለን ነው። ለኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር፥ ኢንተርኔትና የደመና አገልግሎት ሁለተኛው አዝመራ ናቸው። መሬቱ፥ ማለት ደንበኛው፥ አስቀድሞ በእጁ ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሦስተኛ፥ መልካም ድርጅት ሁሉ በማናቸውም ዋጋ መልካም ግዢ አይሆንም። እስቲ አብረን እናስላ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን ከመቶ ዐሥር ከሆነ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ነው። ድርጅቱ ለ2016 ዓ.ም. ያስታወቀው የተጣራ ትርፍ 21.79 ቢሊዮን ብር ነበር። ይህ ለአንድ አክሲዮን ሲከፋፈል 21 ብር ከ79 ሳንቲም ይደርሰዋል፤ ለ33 አክሲዮን ደግሞ 719 ብር። ይህም ትርፉ ሁሉ ሳይቀነስ ቢከፋፈል ነው፤ በእውነቱ ግን ድርጅት ከትርፉ ከፊሉን ለሥራ ማስፋፊያ ያስቀራል። በዚያው ጊዜ 9,900 ብር ከመቶ 7 ወለድ በሚከፍል የቍጠባ ሒሳብ የተቀመጠ ቢሆን በዓመት 693 ብር ያስገኝ ነበር።

እነሆ ልዩነቱ በጣም ጥቂት ነው! በ300 ብር የገዛ ሰው የዛሬውን ትርፍ ብቻ አልገዛም፤ ተስፋም ገዝቷል። ትርፉ ባያድግ ዋጋውን ለመመለስ ወደ 14 ዓመት ይፈጃል። ይሁን እንጂ ባንክ ያስቀመጠውም ሰው አርፎ አልተኛም፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የዋጋ ንረቱ ከዚህ ወለድ ከእጥፍ በላይ ነበርና ብሩ በቍጥር ቢጨምርም የሚገዛው ነገር ይቀንስ ነበር። እናቴ በግ ይገዛ ማለቷ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትልቅ ማስተዋል አለበት።

የተስፋ ዋጋ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት በኮሮና ዘመን ስሙን የሰማነውን ዙም የተባለውን የአሜሪካ ድርጅት እንመልከት። ይህ ድርጅት ሰዎች ባሉበት ሆነው በኮምፒዩተርና በስልክ እንዲሰበሰቡ የሚያደርግ፥ በደመና የሚሠራ አገልግሎት ነው። በመጀመሪያው የኮሮና ዓመት ገቢው ከመቶ 326 አደገ። ሰዎች ይህ ዕድገት የማያልቅ መስሏቸው፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በጥቅምት 2020 የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከ550 ዶላር በላይ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ የገቢው ዕድገት ወደ ከመቶ 7 ወረደ፤ በ2022 መጨረሻም አክሲዮኑ ከ70 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ልብ በሉ! ገቢው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከ2.65 ቢሊዮን ወደ 4.39 ቢሊዮን ዶላር አድጎ ነበር። የወደቀው የድርጅቱ ሥራ ሳይሆን ሰዎች ለተስፋው የከፈሉት ከመጠን ያለፈ ዋጋ ነው። ስለዚህ የዕድገት መዘግየት የሚጎዳው ዕድገቱ አይዘገይም ብሎ የከፈለውን ሰው ነው።

አራተኛ፥ ገንዘቡ ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ መመዘን ይገባል። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም በአገራችን ሥራ ስለ ጀመረ ኢትዮ ቴሌኮም እንደ ድሮው ብቻውን አይደለም። እጅግ የሚበዛው ድርሻ በመንግሥት እጅ ስለ ሆነ ትንሹ ባለ ድርሻ በውሳኔ ላይ ያለው ድምፅ ጥቂት ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን፤ እንዲህ ያለው ነገር ኢንተርኔትንና የደመናን ሥራ ሁሉ ይነካል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮችና ብዙ ኩባንያዎች በመንግሥት ሲወረሱ የአክሲዮን ወረቀት በቤታቸው የቀረ ሰዎች እንደ ነበሩ ታሪክ ያስተምረናል። ከዚህም በቀር በግ በችግር ቀን በማግሥቱ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ አክሲዮን ግን ገዢ እስኪገኝ መጠበቅን ይጠይቃል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ መከፈቱ ይህን ችግር ወደፊት ያቃልለዋል የሚል ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ገበያው ገና ልጅ ነው።

እንግዲህ በበኩሌ የደረስሁበት ፍርድ የሚከተለው ነው። የዕድገት መዘግየት ብቻውን አክሲዮንን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛ አዝመራ ያለው፥ በተመጣጠነ ዋጋ የሚሸጥ ድርጅት ቀስ እያለም ይጠቅማል፤ «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን? ሆኖም ይህ ንግድ ለትዕግሥተኛ ገንዘብ እንጂ ለተቸገረ ገንዘብ አይደለም። ዐምስት ዓመት ቢቀመጥ ቤቱን የማያጎድል ገንዘብ ያለው፥ ደመወዙ በየወሩ የሚገባለት ሰው ጥቂት አክሲዮን ቢገዛ አልነቅፈውም። ለመጪው ክረምት ማዳበሪያ፥ ለታናሽ እኅቴም የትምህርት ቤት ወጪ የታሰበውን ዐሥር ሺህ ብር ግን በአክሲዮን ላይ ማዋል ተገቢ አይመስለኝም። ለአባቴም የነገርሁት ይህንኑ ነው። አጎቴ አልተደሰተም፤ ስለ ድርጅቱ ክፉ አለመናገሬን፥ የተናገርሁት ስለ ገንዘባችን ጠባይ መሆኑን ግን ተረድቶልኛል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ነገ ከነገ ወዲያ አክሲዮን ግዙ የሚል ማስታወቂያ በስልካችሁ ሲደርሳችሁ ለወላጆቻችሁ የምታነቡላቸው እናንተ ናችሁ። በማስታወቂያው ብቻ አትወሰኑ፤ ድርጅቱ የሚያወጣውን ሙሉ የሽያጭ መግለጫ ፈልጋችሁ ትርፉን ለአክሲዮኑ ብዛት አካፍሉ። ብዙ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በአንድ ሰው ስም እንግዛ ቢሉም አስጠንቅቋቸው፤ ሕግ የሚያውቀው በመዝገብ የሰፈረውን ስም ነውና። መምህሮቻችንም ይህን የመሰለውን ስሌት በሒሳብና በኢኮኖሚክስ ክፍለ ጊዜ ቢያለማምዱን ትልቅ ውለታ ይሆንልናል። ወላጆቻችን ደግሞ የማታውቁትን ነገር በመፍራታችሁ አትፈሩ፤ መጠየቅን ግን አትተዉ። ጭቃ ውስጥ ቆሞ የተገኘ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በሚገባ ሊጠየቅለት ይገባዋል።