ዲስክ ተንሸራተተ ብላችሁ አልጋ ላይ አትቅሩ

ባለፈው ዓመት ከዋናው ፖስታ ቤት ተነስቼ ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ከወገቤ እስከ እግር ጣቴ የወረደ ሕመም መሀል መንገድ ላይ አስቆመኝ። «ዲስክ ተንሸራቷል» ተባልኩ። መካሪም በዛ። አንዱ ወጌሻ ጋ ሂድ አለኝ፣ ሌላዋ መርፌ ተወጋ አለችኝ፣ ጎረቤቴ ደግሞ ደረቅ ወለል ላይ ተኛ አለችኝ። የጎረቤቴን ምክር ሰምቼ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ስነሳ ሕመሙም አለ፣ እግሬም ዝሏል።

ወዳጆቼ፣ ዲስክ እንደ መሳቢያ አይንሸራተትም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለች ትራስ ናት። ቅርፊቷ ሲሰነጠቅ ውስጧ ያለው ዝልግልግ ነገር ይወጣና ነርቭ ያስቆጣል። ስለዚህ በእጅ ገፍቶ የሚመልሰው ወጌሻ የለም። ብዙውን ጊዜ የወጣውን ሰውነት ራሱ በሳምንታትና በወራት ይመጠዋል።

እስቲ እናወዳድር።

መተኛት፦ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በኔዘርላንድስ 183 ሕሙማን ተጠንተው ነበር። ሁለት ሳምንት የተኙትም ሳይተኙ የሰነበቱትም ከ12 ሳምንት በኋላ 87 በመቶዎቹ ተሽሏቸዋል። መተኛት ምንም አልጨመረም።

መድኃኒት፦ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳሉ፣ ዲስኩን ግን አይነኩም። ሲዘወተሩ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው ፕሪጋባሊን በ2017 በአውስትራሊያ ተፈትኖ መድኃኒት ከሌለው ኪኒን አልበለጠም።

ወገብ ላይ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ፦ ለተወሰኑ ሳምንታት መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል። መንቀሳቀስ ላቃተው ይጠቅም ይሆናል፣ ዘላቂ መፍትሔ ግን አይደለም።

ፊዚዮቴራፒ፦ ይህም ተአምር አይደለም። ግን ፍርሃትን ሰብሮ እንድትንቀሳቀሱ ያደርጋል፤ እንቅስቃሴውን ከተማራችሁ በኋላ ቤታችሁ በነፃ ትሠሩታላችሁ። እኔ ገንዘቤን የማወጣው እዚህ ላይ ነው።

«ተንቀሳቀስ ማለት ወንበር ላይ ለሚሠራ ቀላል ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። መርካቶ ኩንታል የሚሸከም ሰው ተንቀሳቀስ ቢባል ሸክሙን ነው የሚያስበው። ለእሱ የሚያስፈልገው ለጥቂት ሳምንታት ቀለል ያለ ሥራ የሚሰጠው አሠሪ ነው። ይህን መድኃኒት የትኛውም ፋርማሲ አይሸጠውም።

ቀዶ ሕክምናም ጠላት አይደለም። ከስድስት ሳምንት በላይ የእግር ሕመሙ ላልለቀቀው ቶሎ ያሳርፋል፤ በዓመቱ ግን ካልተቀደደው ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር ከከዳ፣ ወጌሻም ፊዚዮቴራፒም አትበሉ። በዚያው ዕለት ጥቁር አንበሳም ይሁን ቅርባችሁ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። እዚህ ላይ መዘግየት ዕድሜ ልክ ያስከፍላል።

ከዚያ ውጭ፣ ሕመሙን አስታግሱ፣ በልክ ተራመዱ፣ ጊዜ ስጡት። እኔ ዛሬ ያንን ዳገት እወጣለሁ። ቀስ ብዬ፣ ግን በእግሬ።