ለውጦ መተው ሙያ አይደለም

በዚህ ዘመን ከቴሌቪዥን ጋራ እየተያያዙ ለጨዋታ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ያልገቡበት አገር የለም ማለት ይቻላል። ከነዚሁም መካከል ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2001 ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ አንዱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ይህ መሣሪያ 24 ሚሊዮን ያህል ተሸጦ ነበር። ነገር ግን ኩባንያው በ2005 ሁለተኛውን ዐይነት ስላወጣ የፊተኛው ሥራ ቀስ በቀስ ቆመ፤ በኢንተርኔት ያገለግለው የነበረውም መሥመር ኤፕሪል 15 ቀን 2010 ተዘጋ። እንግዲህ ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው ያረጀው ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አያሌው በባለቤቱ ወይም በጠጋኝ እጅ ተከፍቶ የተለወጠ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምንናገረው ይህ የተለወጠው መሣሪያ አልነሣም ባለ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባውና ስለማይገባው ነገር ነው።

ይህ የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ነገሩን የሚንቅ አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ዳሩ ግን ትንሿን ሣጥን በችኰላ የሚያበላሽ እጅ የውሃ መሳቢያውን ሞተርም ሆነ የሐኪም ቤቱን ማቀዝቀዣ በዚያው ችኰላ መንካቱ አይቀርም። ሙያ የሚለመደው ደግሞ በትንሹ ነገር ነው።

አስቀድመን ለውጥ የምንለው ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። ኤክስቦክስ በመልኩ መጫወቻ ይምሰል እንጂ በውስጡ ኮምፒዩተር ነው። ፍጥነቱ 733 ሜጋኸርዝ የሆነ የኢንቴል አንጐል፤ 64 ሜጋባይት ማስታወሻና 8 ወይም 10 ጊጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ አለው። ሠሪው ግን ኩባንያው ራሱ ማኅተሙን ካላደረገበት በቀር ሌላ ፕሮግራም እንዳይቀበል አድርጎ ቈልፎታል። ይህን ቍልፍ ለማለፍ ሰዎች ሦስት መንገድ አበጁ። አንደኛው ሞድ ቺፕ የሚባለውን ትንሽ ዕቃ በሰሌዳው ላይ መጨመር ነው። ሁለተኛው በሰሌዳው ላይ ያለውን የመነሻ ፕሮግራም፤ ማለት ባዮሱን፤ አጥፍቶ በሌላ መተካት ነው። ሦስተኛው ምንም ብየዳ ሳያስፈልግ በአንዳንድ ጨዋታዎች ውስጥ በተገኘው ድካም ገብቶ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ፕሮግራም ብቻ መለወጥ ነው። የትኛው እንደ ተደረገ ሳይታወቅ ሕመሙን ለማወቅ መሞከር የታማሚውን ታሪክ ሳይጠይቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

መሣሪያው አልነሣም ሲል ሁለት ዐይነት ፈራጆች ወዲያው ይነሣሉ። አንዱ «ቺፑ ነው፤ ንቀሉት!» ይላል። ሁለተኛው «ድሮስ ማን ንኩት አላችሁ?» ብሎ ይዘልፋል። ሁለቱም የፈረዱት ምስክር ሳይሰሙ ነው። እኛ በበኩላችን የምንለው ይህ ነው፤ መሣሪያ የለወጠ ሰው የሠሪውን ኀላፊነት ወርሷል። ሠሪው በሥዕል፤ በቍጥርና በመዝገብ ይሠራ እንደ ነበረ፤ ለዋጩም በተራና በመዝገብ መሥራት ይገባዋል። ይህን ካላደረገ የለወጠው መሣሪያ አሳዳጊ የሌለው ልጅ ይሆናል።

ተራው የሚጀምረው ከኤሌክትሪክ ነው። ምንም መብራት የማይታይበት መሣሪያ ቺፕ ይኑረው አይኑረው ገና አይጠየቅም፤ አስቀድሞ ኀይል ይደርሰው እንደ ሆነ ይታይ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ኤክስቦክስ የሚጠቀመው በዚያው አገር በ120 ቮልት ግድም በሚሄደው ኀይል ነው፤ የአገራችን መሥመር ግን 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ስጦታ ያለ ትራንስፎርመር ስፒናው ቢሰካ የሚቃጠለው በመለወጡ ሳይሆን ባለመጠየቅ ነው። ገመዱም ቢሆን ሊመረመር ይገባል። ኩባንያው ራሱ እሳት እንዳያስነሣ በመስጋት በ2005 14.1 ሚሊዮን የኤሌክትሪክ ገመዶችን በነጻ ለመተካት መነሣቱ የታወቀ ነው። ካቻቢቴ ከመያዝ በፊት ስፒናውን ነቅሎ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል፤ በኀይል ማከፋፈያው ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሰው ሊመታ ይችላልና።

ኀይል እንዳለው ከታወቀ በኋላ መሣሪያው ራሱ መናገር ይጀምራል። በፊቱ ባለው ክብ ቍልፍ ዙሪያ የሚታየው መብራት ቋንቋው ነው። አረንጓዴና ብርቱካን እያፈራረቀ ብልጭ ድርግም ቢል የቴሌቪዥኑን ገመድ አላገኘሁትም ማለቱ ነው፤ ብዙ ሰው ሰሌዳውን ከፈታ በኋላ የሚያገኘው በሽታ ይህ የአንድ ገመድ መላላት ነው። በርቶ ጠፍቶ፤ በርቶ ጠፍቶ፤ በሦስተኛው ቀይና አረንጓዴ ቢያፈራርቅ ግን ነገሩ ከበድ ያለ ነው። ሦስት ጊዜ ለመነሣት ሞክሬ አቃተኝ ማለቱ ነውና፤ ምክንያቱ የመነሻው ፕሮግራም፤ ማስታወሻው፤ ወይም የቺፑ አገጣጠም ሊሆን ይችላል።

የቺፑ ተራ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ቺፖች በሰሌዳው ላይ ካሉ ትናንሽ ቀዳዶች ጋራ በመርፌ ወይም በብየዳ ይገናኛሉ፤ ከነዚህም ሌላ ዲ-ዜሮ የሚባለው አንድ ቀጭን ሽቦ መሣሪያው የራሱን ባዮስ ትቶ የቺፑን እንዲያነብ ያስገድደዋል። ይህ ሽቦ ቢላቀቅ ወይም መርፌዎቹ ቢላሉ ቺፑ ደኅና ሆኖ ሳለ መሣሪያው ይታወካል። ስለዚህ ከመንቀል በፊት ብየዳውን በመነጽር ማየት ይሻላል። ከዚያ ወዲያ ቺፑን አውጥቶ መሞከር ነው፤ ያለ ቺፕ በራሱ ባዮስ ከተነሣ ጥፋቱ በቺፑ በኩል መሆኑ ታወቀ። የራሱ ባዮስ ተደምስሶ በደንብ ባልተጻፈ ሌላ የተተካበት መሣሪያ ግን የሚመለስበት ቤት የለውም፤ እንግዲህ ሁለቱን ዐይነት በአንድ መድኃኒት ማከም አይቻልም።

ቺፑን ያወጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ አዲስ በሽታ የፈጠረ ይመስለውና ይደነግጣል። መሣሪያው አገልግሎት ያስፈልገኛል የሚል ጽሑፍ በብዙ ቋንቋ አውጥቶ በላይኛው በግራ ማዕዘን አንዲት ቍጥር ያሳያል። ይህች ቍጥር ግን መፍራት የሚገባን ምልክት ሳትሆን የተሰጠችን መልስ ናት። 5 ቢል ሃርድ ዲስኩ አልተቈለፈም ማለት ነው፤ በቺፑ ዘመን ትልቅ ዲስክ ሳይቈለፍ ተገጥሞ ከነበረ ቺፑ ሲወጣ ይህ መምጣቱ ተፈጥሯዊ ነው። 6 ቢል ዲስኩን ለመክፈት አልቻልሁም ማለቱ ነው። 7 ቢል ዲስኩ በጊዜው መልስ አልሰጠኝም ማለቱ ስለሆነ ገመዱንና ዲስኩን መመርመር ይገባል። 13 ቢል መግቢያውን ፕሮግራም አጣሁት ማለቱ ነው። ቍጥሩን ሳይጽፍ አጥፍቶ ደጋግሞ የሚያበራ ሰው የምስክሩን ቃል ሳይመዘግብ እንዳሰናበተ ዳኛ ይቈጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር ደርሰናል። ከነዚህ ሁሉ ደዌዎች አያሌዎቹ የለዋጩ ጥፋት ሳይሆኑ የእርጅና ናቸው። በመሣሪያው ውስጥ ስፒናው ሲነቀል ሰዓቱን ለጥቂት ሰዓታት የሚያቈይ አንድ ካፓሲተር አለ። 1.6 ከሚባለው ከመጨረሻው ሰሌዳ በፊት በተሠሩት ላይ ያለው ይህ ካፓሲተር በዘመን ብዛት ፈሳሹ እየወጣ ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ መሥመሮች ይበላል። በዚህም ምክንያት መሣሪያው ሳይነኩት ራሱ ይበራል፤ ወይም ቢነኩትም አይበራም። ብልህ ባለቤት ጤነኛ በሆነበት ጊዜ ከፍቶ ያስወጣዋል፤ ስፍራውንም ያጸዳል፤ መሣሪያው ያለርሱ መሥራት ይችላልና። የሚጎድለው ሰዓቱን ማስታወስ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዚህም በኩል ጥንቃቄ ያሻል። በፕሮግራም ብቻ በተለወጡት በአንዳንዶቹ ላይ ሰዓቱ ሲጠፋ መሣሪያው በመነሻው ላይ ተሰናክሎ 16 የሚለውን ቍጥር ያሳያል። ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን ሰሌዳ ሲበይድና ሲነቅል ይውላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የቍልፉ ነገር ነው። እያንዳንዱ ኤክስቦክስ ኢኢፕሮም በሚባል ትንሽ ማስታወሻ ውስጥ የራሱን ቍልፍ ይይዛል፤ ሃርድ ዲስኩም የተቈለፈው በዚህ ቍልፍ ነው። ስለዚህ ዲስኩ የሞተ እንደ ሆነ ያልተለወጠው ሰሌዳ በዚያው ቍልፍ ያልተቈለፈ ሌላ ዲስክ አይቀበልም። ሰሌዳው የሞተ እንደ ሆነም ቍልፉ ከርሱ ጋራ ይቀበራል፤ በዲስኩ ላይ የነበረው የብዙ ዓመት የጨዋታ መዝገብም ተዘግቶ ይቀራል። ታናሽ ወንድም በትምህርት ቤት ዕረፍት የደረሰበት ደረጃ፤ ዛሬ በሌላ አገር የሚኖር ጓደኛ ስሙን የጻፈበት ውድድር ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። የቍልፉ ግልባጭ ግን እጅግ ትንሽ ፋይል ስለሆነ መሣሪያው በሕይወት ሳለ በደቂቃዎች ይገለበጣል። ግልባጩን ሳያወጣ ለውጥ የሚሠራ ጠጋኝ የሰውን ቤት ቍልፍ ለውጦ መክፈቻውን ሳይሰጥ እንደ ሄደ ሰው ነው።

መለወጡ ራሱ ሌብነትን ያስከትላል የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም፤ ቺፑን ብዙዎች ያልገዙትን ጨዋታ ለመጫወት ተጠቅመውበታልና። የአገሮችም ሕግ በዚህ ነገር አንድ አይደለም። አሜሪካ በ1998 ባወጣችው ሕግ እንደዚህ ያለውን ቍልፍ መስበር ስትከለክል፤ የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2005 በፕሌይስቴሽን ቺፕ ላይ በቀረበለት ክርክር በጊዜው በነበረው ሕግ መሠረት ለቺፑ ሻጭ ፈርዷል። የሰው ድካም ሳይከፍሉ መውሰድ ስሕተት መሆኑን እኛም እናምናለን። የገዛ ንብረትን ከሞት ማዳን ግን ሌላ ነገር ነው። አንድሩ ሁዋንግ የተባለ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ በ2002 በኤክስቦክሱ ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያልፈውን ምልክት አድምጦ ምስጢራዊውን ቍልፍ አገኘ፤ በ2003ም አሠራሩን በመጽሐፍ አስረዳ። ዛሬ ሠሪው ፊቱን ባዞረበት ጊዜ ያረጀውን መሣሪያ የሚያነሣው እንደዚህ ባሉ ሰዎች የተጻፈው ዕውቀት ነው። ዘበኛው ከሄደ በኋላ በሩ ተቈልፎ እንዲቀር መፍረድ ለማንም አይጠቅምም።

ነገር ግን ይህን መብት የሚጠይቅ ሰው ግዴታውንም ይቀበል። ሁዋንግ ያገኘውን ጽፎ አስቀመጠ፤ የእኛ ለዋጮች አብዛኛዎቹ ግን የሠሩትን ሳይጽፉ ይሰጣሉ። ስለዚህ ለውጥ በገንዘብ የሚሠሩ ጠጋኞች ከመሣሪያው ጋራ አንዲት ወረቀት ለባለቤቱ እንዲሰጡ እንለምናለን። የሰሌዳው ዐይነት፤ የተደረገው ለውጥ፤ የባዮሱ ስም፤ ዲስኩ ተቈልፎ እንደ ሆነ፤ የሰዓቱ ካፓሲተር ወጥቶ እንደ ሆነ፤ ቀኑም ይጻፍባት። የቍልፉ ግልባጭ ከመሣሪያው ውጪ በሁለት ስፍራ ይቀመጥ። ባለቤቱም በበኩሉ መሣሪያው መለወጡን ከጠጋኙ አይደብቅ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው የግማሽ ሰዓት ትዕግሥትና አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው። ኤክስቦክሱ ከብዙዎቻችን ከወጣቶቹ ጋራ እኩያ ስለሆነ ከእንግዲህ ወዲያ መታመሙ አይቀርም። በታመመ ጊዜ የሚያድነው ደፋር እጅ ሳይሆን ትናንት ምን እንደ ተደረገለት የሚያስታውስ ሰው ነው። ካቻቢቴ ያነሣ እጅ ሥራውን ሲጨርስ እስክሪብቶም ያንሣ።