ሐሳብ ልብስ ይለብሳልን?

ባለፈው ሰሞን ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ «የትምህርት ጥቅም» የሚል ርእስ ሰጥቼ ድርሰት አስጻፍኋቸው። ርእሱ ያረጀ መሆኑን ሳትነግሩኝ ዐውቃለሁ፤ አንባቢዎቼም በየተራችሁ ሳትጽፉበት አልቀራችሁም። አርባ ሁለት ደብተር ተሸክሜ ቤቴ ገባሁና ራቴን በልቼ ማረም ጀመርሁ። በመጀመሪያው ደብተር ትምህርት ብርሃን ነበረ፤ በሁለተኛውም ብርሃን ነበረ፤ በሦስተኛው ብርሃንም ቁልፍም ነበረ። ዐሥረኛው ላይ ስደርስ ያ ሁሉ ብርሃን እንቅልፌን አመጣውና ተነሥቼ ቡና አፈላሁ።

ከመካከላቸው አንዱ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የልጁ አባት ማንበብ አይችሉም። ስለ አንዲት ቁራሽ ቦታ ላቀረቡት ማመልከቻ ከመሥሪያ ቤት መልስ መጣላቸውና ልጃቸው እንዲያነብላቸው ሰጡት። ወረቀቱ አይሆንም ይላል። ልጁ ያባቱን ፊት አየና «ገና ይታያል ይላል» አላቸው። አባት መርቀውት ወረቀቱን አጥፈው ከኪሳቸው ከተቱ። ድርሰቱ በዚህ ያበቃል፤ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ብርሃን የለበትም፤ ቁልፍም የለበትም።

እኔስ ምን አደረግሁ? ከዐሥር አራት ሰጠሁትና በቀይ ቀለም «ከርእሱ ወጥተሃል፤ ቋንቋህም ገና አልዳበረም» ብዬ ጻፍሁበት።

ይህን በአደባባይ የምናዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ አጻጻፍ ስልት ስናወራ፥ ሐሳብ ራቁቱን የሚወለድ፥ ቋንቋ ደግሞ ኋላ የሚደረብለት ልብስ ይመስለናል። ለበዓል የሐር፥ ለሥራ ቀን የአቡጀዲ። ያን ልጅ የቀጣሁት አቡጀዲ ለብሶ ስለ መጣ ነው። ዳሩ ግን በጽሕፈት ታላላቅ የተባሉትን ሰዎች አንድ ባንድ ብትመረምሩ ነገሩ እንዲህ ሆኖ አታገኙትም።

ሶቅራጥስ አንድ መስመር እንኳ ጽፎ አላለፈም። ሥራው በአቴና አደባባይ ሰው እየያዘ መጠየቅ ነበር። ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ ሊጽፍ በተቀመጠ ጊዜ ታዲያ ከባድ ችግር ገጠመው። «ፋይድሮስ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ሶቅራጥስ በጽሕፈት ላይ ክስ ያቀርባል፤ የተጻፈ ቃል እንደ ሥዕል ሕያው ይመስላል እንጂ ቢጠይቁት መልስ አይሰጥም ይላል። ፕላቶም ስለዚህ መጽሐፎቹን በጥያቄና መልስ፥ በክርክርና በጭቅጭቅ አድርጎ ጻፋቸው። አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ እያለ ቢደረድረው ኖሮ ዕውቀት በመጠያየቅ ይገኛል የሚለው ሐሳብ ገና ከመጀመሪያው ገጽ በሞተ ነበር።

ፈረንሳዊውን ዴካርትንም ተመልከቱ። ሊቃውንት በላቲን ይጽፉ በነበረበት ዘመን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1637 ዓ.ም. ስለ ማሰብ ዘዴ የጻፈውን መጽሐፍ በአገሩ ቋንቋ በፈረንሳይኛ አወጣው። አጀማመሩም የራሱን ታሪክ በመተረክ ነው፤ በተማሪ ቤት ምን እንደ ተማረ፥ በምን እንደ ተጠራጠረ፥ በክረምት ብርድ በሞቀ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ምን እንዳሰበ ይነግረናል። የተነገረኝን ሁሉ እጠራጠራለሁ የሚል ሰው «ሊቃውንት እንዳሉት» ብሎ መጀመር እንዴት ይችላል? በግዕዝ የተጻፈው «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ»ም እንዲሁ ከትውልድ ቦታ ተነሥቶ፥ ስደትን ተርኮ፥ በዋሻ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ራሱን ወደሚጠይቅ ሰው ያደርሰናል። መጽሐፉን በእርግጥ የጻፈው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ማንም ይጻፈው፥ ጥርጣሬ «እኔ» በሚል ቃል ካልተነገረ ጥርጣሬ እንደማይሆን ዐውቆ ነበር።

አሁን ወደ ባለቅኔዎቹ እንምጣ። ሰምና ወርቅ የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከወርቅ ሠሪ የተወሰደ መሆኑን ግን እንዘነጋለን። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው በእሳት ሲተኰስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰሙ የወርቁ ልብስ አይደለም፤ ለወርቁ መልክ የሰጠው እርሱ ነው። የሰሙ ጥፍር የተሳሳተ እንደ ሆነ የወርቁም ጥፍር የተሳሳተ ይሆናል። እኛ በክፍል ውስጥ ቅኔ ስናስተምር ግን ሰሙን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ገፍፈን ጥለን «ምሥጢሩ ይህ ነው» እንላለን።

በቅኔ ቤት ተማሪው የሚያድግበትም መንገድ ያስቀናኛል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ፥ ጀማሪው የሚነሣው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እየቆየ፥ እየወደቀና እየተነሣ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። የእኔን አርባ አንድ የብርሃን ደብተሮች ለአንድ የቅኔ መምህር ባቀርብለት ምን እንደሚለኝ እገምታለሁ። በእርግጥ ቅኔ ቤትም ነቀፋ አያጣውም፤ ብልሃቱ በዝቶ ነገሩ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሁለት ቤት ለመሙላት ግን አንድ የራስ ሐሳብ ግድ ነው፤ እኛ ሁለት ገጽ ሙሉ ስንል ልጁ የሰው ሐሳብ ለቅሞ እንዲሞላ እናስተምረዋለን።

ተማሪ የራሱን ድምፅ ያገኘ እንደ ሆነ ምን እንደሚሠራ የታወቀ ምሳሌ አለን። በ1953 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ የነበረው ታምሩ ፈይሳ ያቀረበው ግጥም ርእስ «ድኻው ይናገራል» ነው። ርእሱን ብቻ አስተውሉ። ስለ ድኾች ችግር አልተባለም፤ ድኻው ራሱ አፉን ከፈተ። በዚያች አንዲት ግሥ ሰሚው ከአዛኝነት ወንበሩ ተነሥቶ ተከሳሽ ሆነ።

በመሥሪያ ቤት ያላችሁ አንባቢዎቼ ይህ የገጣሚና የፈላስፋ ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ያ አባት በኪሳቸው የያዙት ወረቀት «ማመልከቻዎ ተመርምሮ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ዐይነት ነው። ማን መረመረው? ማን ነው ያልተቀበለው? ግሡ ባለቤት የለውም። ጽሑፉ ድክመት አለበት አልልም፤ ለታሰበው ጉዳይ ልክክ ያለ ነው፤ የታሰበውም ከወረቀቱ በስተጀርባ ሰው እንዳይታይ ነውና። ጸሐፊ የሆነ ወዳጄ «አልተቀበልነውም ብዬ ባረቅቅ አለቃዬ አይፈርምበትም» ይለኛል።

ደብተሮቹን በመለስሁ ማግሥት ያ ልጅ መምህራን ክፍል ድረስ መጥቶ «መምህር፥ ምን ብጨምርበት ይሻል ነበር?» አለኝ። እኔም ቸኩዬ ነበርና «ጥቂት ምሳሌ፥ ጥቂት ማሳመሪያ ቃላት» አልሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ «የሥራ ክቡርነት» በሚል ርእስ ሌላ ድርሰት አስጻፍሁ። የእርሱን ደብተር ስገልጥ ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር፤ ሥራ የሕይወት ቁልፍ ነበረ፤ ስንፍና ጨለማ ነበረ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። እኔ ያስተማርሁትን ልጁ በትክክል ተምሯል።

ሰኞ ዕለት አስጠራሁትና የመጀመሪያውን ደብተር እንዲያመጣልኝ ነገርሁት። በቀይ የጻፍሁትን ሰርዤ፥ ማርኩንም ለወጥሁ፤ እርሱ ግን ከመደሰት ይልቅ ግራ የገባው ይመስል ነበር። ስሙን ሳልጠራ ነገሩን በዚህ መጽሔት ብጽፈው ይፈቅድ እንደ ሆነ ጠየቅሁት።

«ይጻፉት» አለኝ፤ «አባቴ እንደ ሆነ አያነብም።»

«ሰው ያነበበላቸው እንደ ሆነስ?»

«ግድ የለም፤ ኋላ ነግሬዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አሉህ?»

ጥቂት ፈገግ አለ። «ያን ቀኑኑ ዐውቄ ነበር አለኝ። የመሥሪያ ቤት ወረቀት እንዲያ ባጭሩ አይናገርም አለኝ።»