ባሕር ማዶ የሚሄዱት ነርሶቻችን ምን ይጠብቃቸዋል?

ዘንድሮ የነርስነት ትምህርታቸውን ከሚፈጽሙት ጓደኞቻችን መካከል የአያሌዎቹ ልብ ወደ እንግሊዝ አገር መሸፈቱን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ማታ ማታ የቤተ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ የሞላው የእንግሊዝኛ ፈተና መለማመጃ ነው። እኛ ሂዱ ወይም አትሂዱ ለማለት ብዕር አላነሣንም። የምንፈራው ሌላ ነው፤ ይኸውም የሚሄዱበትን ሥራ ሳያውቁት እንዳይሄዱ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ሲቋቋም ነርስ ስላነሰው፣ በተከታዮቹ ዓመታት ከጃማይካ፣ ከባርባዶስና ከሌሎችም የካሪቢያን ደሴቶች ወጣት ሴቶች ተጠርተው ሄዱ። በዚያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ሥልጠና ነበር፤ አንደኛው ሦስት ዓመት የሚፈጅና ሙሉ ነርስነት የሚያስገኝ፣ ሁለተኛው ሁለት ዓመት የሚፈጅና ዝቅ ያለ ማዕርግ የሚሰጥ። ብዙዎቹ ልዩነቱን የነገራቸው ሳይኖር በሁለተኛው ተመዘገቡ። ዕድገት ሲጠይቁ በሩ ጠበበባቸው፤ ወደ አገራችን እንመለስ ያሉትም ወረቀታቸው እዚያ እንደማያሠራ የተረዱት ዘግይተው ነው። ማንም አልዋሻቸውም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የተደበቀ እውነት ከውሸት በምን ይሻላል?

ዛሬስ? ከውጭ የሚሄድ ነርስ በኮምፒዩተር የሚሰጠውን ፈተና አልፎ፣ አሥር ጣቢያ ያለው የተግባር ፈተና ደግሞ እዚያው ይፈተናል። ይህን አልፎ እስኪመዘገብ ድረስ፣ እዚህ አምስት ዓመት ክፍል የመራ ቢሆን እንኳ፣ የሚሠራውም የሚከፈለውም እንደ ረዳት ነው። ከተመዘገበም በኋላ በደም ሥር መርፌ ለመትከል ብቃቱ እስኪፈረምለት ይጠብቃል። እጁ የለመደውን ሥራ የተከለከለ ሰው ቢያዝን አይፈረድበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ አይመስለንም። በእኛ ሆስፒታሎች በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጐርሰውና የሚያገላብጠው አብዛኛውን ጊዜ እኅቱ ወይም ልጁ ናት፤ ምግቡም በሳሕን ተቋጥሮ ከቤት ይመጣል። እዚያ ይህ ሁሉ የነርሱና የረዳቱ ሥራ ነው። «ዲግሪ ይዤ ሰው ሽንት ቤት ላመላልስ?» የሚል ጥያቄ በልቡ ያደረበት ጓደኛችን ካለ፣ ከመሳፈሩ በፊት መልሱን ለራሱ ቢሰጥ ይሻለዋል። ደግሞም ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ስሕተት መስሎ ሲታየው ዝም ቢል፣ ዝምታው እንደ ጨዋነት አይቈጠርለትም፤ ያስጠይቀዋል። «አቤት ጌታዬ» እያልን ላደግነው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ደላሎችም አንድ ቃል እንጨምር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 የጤና ባለሙያ ክፉኛ የጐደላቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የእንግሊዝ መንግሥት ባወጣው መመሪያ መሠረት ቀጣሪ ከእነዚህ አገሮች ነርስ እየዞረ መመልመል አይገባውም፤ ከተመልማይም የምልመላ ዋጋ መቀበል ክልክል ነው። ነርሷ ራሷ በቀጥታ ብታመለክት ግን የሚከለክላት የለም። እንግዲህ «ሆስፒታሉ ልኮኛል፤ ይህን ያህል ክፈዪ» የሚል ሰው ማን እንደ ላከው መጠየቅ ነው።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው ብዙ አይደለም። በመጨረሻው ዓመት ሁለት ሰዓት ተመድቦ፣ እዚያ ሠርተው የተመለሱ ነርሶች ተጠርተው ያዩትን ይንገሩን። ውል የሚያነብልን የሕግ ተማሪ ከመካከላችን አይጠፋም፤ ጊዜው ሳይደርስ ሥራ የለቀቀ ወጪውን ይመልስ የሚል አንቀጽ በአንዳንዱ ውል ውስጥ ተጽፎ ይገኛልና።