«ጸባየ ሸጋ» የምትሏት ድንክ ፈረስ ታማ እንዳይሆን

ሰሞኑን የምትልኩልኝ ቪዲዮ በዝቷል። ከበግ የማትበልጥ ፈረስ ሳሎን ውስጥ ስትንጎራደድ፣ ልጅ አቅፏት ዝም ስትል። ከሥሩ ደግሞ «ጸባይዋ ሲያምር!»፣ «ይሄን ዝርያ ከየት እናገኛለን? መኖም አትጨርስ» ትላላችሁ። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ይሄ ዝርያ አይደለም፤ በዘር የሚተላለፍ የአጥንት ችግር ነው። ጸባይ የምትሉትም ብዙ ጊዜ ጸባይ አይደለም።

ነገሩን እንለየው። አሜሪካ ውስጥ ሚኒየቸር የሚባል የትንንሽ ፈረስ ዝርያ አለ፤ የዝርያው ማኅበር የሚመዘግበው ቁመቱ ከ34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልበለጠውን ነው። ጤነኛው ሚኒየቸር ሙሉ ፈረስ ነው፤ እግሩም አንገቱም ተመጣጥኖ ነው ያነሰው። ድንኩ ግን ሆዱ በርሜል፣ እግሩ አጭርና ጠማማ፣ ግንባሩ ያበጠ፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ የገባ፣ የታች መንጋጋው ከላይኛው አልፎ የወጣ ነው። እናንተ «ሲያምር» የምትሉት ይሄንን ፊት ነው።

እስቲ እንደ ገበሬ እንየው። ከብት ሣሩን በምላሱ ጠምጥሞ ይነጫል፤ ፈረስ ግን በፊት ጥርሱ ነው የሚቆርጠው። የላይና የታች ጥርሱ ካልገጠመ በምን ይቁረጥ? የፈረስ ጥርስ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከድዱ እየወጣ፣ እርስ በርሱ እየተፋጨ የሚያልቅ ነው፤ ካልተገናኘ አይሞረድም፣ እየረዘመ አፉን ያቆስላል። አፍንጫውንም አትርሱ። ፈረስ እንደ ውሻ በአፉ መተንፈስ አይችልም፤ ያለው መንገድ አፍንጫው ብቻ ነው። ያ ቀዳዳ ሲጠብ ምን እንደሚሆን የጋሪ ፈረስ ያለው ሰው ያውቃል። እግሩ ላይ ጅማቱ ይላላል፣ መገጣጠሚያው ይዛባል፣ ሰኮናው አጋድሎ ያልቃል፤ ገና በወጣትነቱ ቁርጥማት ይይዘዋል።

ተምበሊና የምትባለውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚዙሪ ተወልዳ፣ 44.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይዛ በ2006 የዓለም ትንሿ ፈረስ ተብላ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፈረች። ድንክ ነበረች። እግሯ እንዲቃና የድጋፍ ማሠሪያ ይደረግላት ነበር። በ2018 ሞተች፤ ጤነኛ ሚኒየቸር 25 እና 30 ዓመት መኖር እየቻለ። ዓለም የሚያስታውሰው ግን ቁመቷን እንጂ ማሠሪያውን አይደለም።

አሁን ወደ ጸባዩ። «ድንክ ፈረስ ገራም ነው፣ ሰው ይወዳል» ይባላል። ገራም አለ፣ አልክድም። ግን ፈረስ የሚታደን እንስሳ ነው፤ ሕመሙን አውጥቶ ካሳየ ይበላል። ስለዚህ ሲያመው አይጮህም፤ ዝም ይላል፣ ብዙ ይተኛል፣ ከቦታው አይነቃነቅም፣ አቅፈህ ብታነሳውም አይታገልም። የሚሮጥበት እግር የሌለውን እንስሳ «አይሸሽም» ብሎ ማመስገን ምን ይሉታል? ተቃራኒውም አለ። ከእናቱ ተነጥሎ በጡጦ ያደገ፣ እንደ አሻንጉሊት የተያዘ ውርንጭላ ሲያድግ ይነክሳል፣ ይራገጣል። ያኔ ደግሞ «ክፉ ሆነ» ይባላል። የለም፤ ፈረስነት ሳያስተምሩት ነው ያሳደጉት።

ሕመሙን ከፊቱ ማንበብ ይቻላል፦ ጆሮው ወደ ኋላ ደርቆ መቅረቱን፣ ከዓይኑ በላይ ያለው መጨማደዱን፣ የመንጋጋው ጡንቻ መወጠሩን፣ አፉ መጨቆኑን፣ የአፍንጫው ቀዳዳ መለጠጡን እዩ። ቪዲዮውን በዚህ ዓይን ድገሙትና ንገሩኝ። «የኔ ፈረስ ጨዋ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል» የምትሉኝ ባለ ጋሪዎችም በዚሁ እዩት።

«የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረግ» የሚል አይጠፋም። አንዴ የተወለደውን መንከባከብ ተገቢ ነው፤ ጥርሱን የሚሞርዱ፣ ሰኮናውን የሚያስተካክሉ ሰዎች ይመስገኑ። ጠቤ ከአርቢው ጋር ነው። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ችግሩ የሚመጣው ልምአጥንት በሚሠራ አንድ ዘረ መል ላይ ካሉ አራት ዓይነት ለውጦች መሆኑን አሳይተዋል። ተሸካሚው ድንጉላም ባዝራም ሲታዩ ጤነኛ ናቸው። ሁለት ተሸካሚ ሲገናኝ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል ችግሩ ከሁለቱም ይወረሳል፤ አንዳንዱ ጽንስ ሳይወለድ ይጨናገፋል። ለምርመራው ከነሥሩ የተነቀለ ጥቂት የጋማ ፀጉር ይበቃል። ይሄ እያለ «ከትንሽ በላይ ትንሽ» እያሉ ሳይመረምሩ ማዳቀል ሳያውቁ መሳሳት አይደለም፤ ዋጋውን ውርንጭላው እንዲከፍል መፍረድ ነው።

የሂሳቡ ነገር ለእኛም ይሠራል። አንድ ኮርማ ለዓመታት ይዛችሁ ሴት ልጆቹን ሲያጠቃ ዝም የምትሉ፣ ተሸክሞት የኖረው ድብቅ ጉድለት ሁለት ጎን ሆኖ የሚገናኘው እዚያው በረታችሁ ውስጥ ነው። ጊደሮቹ ለመጠቃት ሳይደርሱ ኮርማውን ከሩቅ ቀበሌ ሰው ጋር ተቀያየሩት፤ ወይም ለአዳቃይ ቴክኒሽያኑ ንገሩት፣ የትኛው ኮርማ አባታቸው እንደሆነ ጽፋችሁ ያዙ።