ከኮርኒሱ በፊት ጣሪያው ይታይ

ክረምት ሲወጣ በአዲስ አበባ የቀለምና የኮርኒስ ገበያ ይደራል። ብዙው የቤት ባለቤት የበሰበሰውን ቺፑድ አስነቅሎ ጂፕሰም ያሠራል፤ ውኃው የገባበትን የምስማር ቀዳዳ ግን አያስደፍንም። በዓመቱ እድፉ ይመለሳል፤ ወጪውም እንዲሁ።

የማያፈስ ጣሪያም ይረጥባል። የማድ ቤት እንፋሎት በኅዳር ሌሊት ከቀዘቀዘ ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ከኮርኒሱ በላይ የሚነጠፍ ሙቀት መያዣ ደግሞ ከረጠበ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የላላው ምስማር ከነጎማው ይለወጥ፤ አሸንዳው ይጠረግ፤ ለጣሪያው የአየር መተላለፊያ ይተውለት። ሙቀት መያዣው ከዚያ በኋላ ይነጠፋል።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው እንዲጨምር ተወስኗል። አከራይ የሂተሩን ሒሳብ ተከራይ ይከፍላል ብሎ አይዘናጋ፤ የሚበሰብሰው የራሱ ወራጅና ማገር ነው።